ጓሮ ላይ ሰርቪስ ሠርቶ ማከራየት፦ የሠራችሁም የተከራያችሁም ኑ

የገርጂው_ልጅ · ሰኞ ማታ 3፡10

ሰላም ለቤቱ። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሱኝ።

እናቴ ገርጂ 250 ካሬ ግቢ አላት። ዋናው ቤት ወደ ግቢው በር ጠጋ ብሎ ነው የተሠራው። ጓሮ ላይ አባቴ በሕይወት እያለ ያቆማት የጭቃ ማድ ቤትና ከጎኗ አንድ የዕቃ ክፍል አለ። ምርጊቱ ረግፏል፣ ቆርቆሮው ዝጓል። አሁን በቋሚነት የምትኖርበት ድመቷ ናት።

የእናቴ ጡረታ መብራት፣ ውሃና መድኃኒት ላይ ያልቃል። እኔ በየወሩ እደጉማታለሁ። ግን ከልጅ እጅ መጠበቅ ደስ አይላትም። ወር ሊያልቅ ሲል ስትደውልልኝ ድምጿ ይቀንሳል።

ስለዚህ አሮጌውን አፍርሼ 4 በ4 የሆኑ ሁለት ክፍሎች ልሠራላትና ልታከራይ አሰብን። አንድ ግንበኛ መጥቶ አየና በእጄ ያለው ብር "ከበቂ በላይ ነው፣ እንዲያውም ይተርፍሃል" አለኝ። ይተርፍሃል ሲለኝ ነው የፈራሁት።

ጥያቄዬ፦ ብሎኬት ይሻላል ጭቃ? ሁለት ነጠላ ክፍል ወይስ አንድ ደህና ስቱዲዮ? ፈቃዱስ እንዴት ነው? አከራይ ከሆናችሁ ምን አስመረራችሁ?

ዘጠኝ_መቶ_ብሎኬት · ሰኞ ማታ 3፡42

መፍራትህ ልክ ነው። ግንበኛ "ይበቃል" ሲል የሚያስበው ግድግዳውን ነው። ግድግዳ ደግሞ ከቤት ሥራ ሁሉ ቀላሉ ነው።

አብረን እንቁጠር። ሁለት ክፍል 4 በ4 ጎን ለጎን ሆነው የመሃሉን ግድግዳ ከተጋሩ ጠቅላላ ርዝመቱ 28 ሜትር ነው። ከፍታው 2.80 ይሁን። በርና መስኮቱን ስትቀንስ 72 ካሬ አካባቢ ይቀርሃል። አንድ ካሬ ግድግዳ 12 ተኩል ብሎኬት ይበላል። ሆነ 900። የሚሰበረውን ጨምረህ 950 በል። በቃ፣ ግድግዳህ ይሄው ነው።

ብሩ የሚያልቀው ከመሬት በታችና ከግድግዳ በኋላ ነው። መሠረት፣ ፌሮ፣ ሴፕቲክ ታንክ፣ ቧንቧ፣ ልስን፣ ሴራሚክ፣ በርና መስኮት፣ ኮርኒስ፣ ቀለም። የእኔ ግድግዳ በሁለት ሳምንት ቆመ። ከዚያ ሰባት ወር ያለ በር ተቀመጠ። ጎረቤት "ምነው ቆመ?" ሲለኝ "እየደረቀ ነው" እል ነበር።

ቆርቆሮ ስትገዛ ደግሞ ንቃ። የጌጁ ቁጥር ሲጨምር ቆርቆሮው ይሳሳል። 28 ወፍራም ነው፣ 32 ስስ ነው። እኔ 32 ከ28 ይበልጣል ብዬ ገዛሁ። አሁን ዝናብ ሲመጣ ተከራዬ ስልክ አያነሳም፣ አይሰማማ።

መሐንዲሷ · ሰኞ ማታ 4፡15

ገርጂ ስትል ነው ያስቆምከኝ። ከብሎኬትና ከጭቃ በፊት አፈሩን እይ።

በቦሌ፣ በገርጂና በሲኤምሲ በኩል ብዙ ቦታ ጥቁር አፈር ነው። ኮትቻ የሚባለው። ክረምት ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ በጋ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ትልቅ ፎቅ በክብደቱ ሊጫነው ይችላል። እንዳንተ ዓይነቱን ቀላል ቤት ግን አፈሩ ራሱ ያነሳዋል። ሰርቪስ ቤት ላይ ከበሩ ጥግ ተነስቶ በሰያፍ ወደ ጣሪያ የሚወጣ ስንጥቅ አይተህ ታውቃለህ? ሁልጊዜ የሚሰደበው ግድግዳውን የሠራው ሰው ነው። ብዙ ጊዜ ግን ጥፋቱ ከሥር ነው።

መፍትሔው የታወቀ ነው፣ ብር ነው እንጂ የሚፈልገው። ጥቁሩን ቆርጠህ ታወጣለህ። በገረጋንቲ፣ ማለትም በማያብጥ ጠንካራ የሙሌት አፈር፣ ትተካዋለህ፣ በየንብርብሩ ውሃ እያጠጣህ ትጠቀጥቀዋለህ። ከላይ ፌሮው በደንብ የታሰረ ግራውንድ ቢም፣ ግድግዳው የሚያርፍበት የኮንክሪት ማሰሪያ ማለት ነው። ሲያልቅ ደግሞ ቤቱ ሥር ውሃ እንዳይገባ ዙሪያውን በሲሚንቶ መዝጋት፣ የጣሪያውን ውሃ በአሸንዳ ይዞ ማውጣት። ሰው ሁሉ አሸንዳን መጨረሻ ላይ ብር ከተረፈ ብሎ ያቆየዋል። ተርፎ አያውቅም። የጣሪያህ ውሃ ጎረቤት ግቢ ከወረደ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው።

ጥልቀቱን እዚህ ሆኜ አልገምትልህም። አንድ ጥግ ላይ ሜትር ተኩል አስቆፍርና ፎቶ ለጥፍ። የአንድ ቀን የጉልበት ሥራ ነው። መሠረት በክረምት እንዳትጀምር። ከጥቅምት በኋላ ጀምረህ ሰኔ ሳይገባ ቆርቆሮ ይልበስ።

ዝምተኛዋ · ሰኞ ማታ 4፡20

ድመቷስ የት ትሄዳለች?

አናጢው · ማክሰኞ ጠዋት 1፡05

ጭቃን ማንም አላነሳውም፣ እኔ ላንሳው እንጂ። ደህና ሆኖ የተሠራ ጭቃ ቤት ቀን አይሞቅም፣ ሌሊት አይበርድም። አፈሩ ቢያንቀሳቅሰውም እንጨቱ እሺ ይላል። ምርጊቱን ትጠግናለህ፣ አለቀ።

ጭቃን የሚገድሉት ሁለት ነገሮች ናቸው፣ እርጥበትና ምስጥ። ባሕር ዛፉን ልጠህ አድርቀው። የሚቀበረውን ጫፍ የተቃጠለ የመኪና ዘይት ቀባው። ከመሬት ጥቂት ከፍ እስኪል በድንጋይ ገንባ። ጭቃው ከጭድ ጋር ተረግጦ ቢያንስ አንድ ሳምንት ይቡካ። ዛሬ ረግጦ ዛሬ የሚመርግ ሠራተኛ ካየህ ሂሳቡን ሰጥተህ አሰናብተው። ጣሪያው ከግድግዳው ወጣ ይበል፣ ዝናብ ምርጊቱን እንዳይደበድበው።

ሻወር ያለበትን ግን በብሎኬት ሥራው። እዚያ ላይ አልከራከርም።

የገርጂው_ልጅ · ማክሰኞ ጠዋት 4፡30

እግዜር ይስጥልኝ። ጉድጓዱን ቅዳሜ አስቆፍራለሁ። ድመቷ እናቴን እንጂ እኔን አታማክርም።

እትዬ_የካ · ማክሰኞ ከሰዓት 9፡00

ልጄ፣ እኔ የካ ሦስት ክፍል ሳከራይ 14 ዓመቴ ነው። አሠራሩን እነሱ ይንገሩህ። እኔ የምነግርህ ተሠርቶ ካለቀ በኋላ ስላለው ነው።

መብራት። የመብራት ታሪፍ በእርከን ነው። ትንሽ የሚጠቀም በርካሽ ይከፍላል፣ ከ50 ኪሎዋት ሰዓት ካለፈ ዋጋው እየወጣ ይሄዳል፣ ከ500 በላይ ዋናው ውድ ነው። አራት ቤት ሆነን ባንድ ቆጣሪ ስንጠቀም ሁላችንም ውዱ እርከን ላይ ተሰቀልን። ከዚያ ጭቅጭቅ። አንዷ "እኔ አምፖል ብቻ ነው የማበራው" ትላለች፣ የእንጀራው ሽታ በመስኮቷ ይመጣል። ለብቻው ቆጣሪ ማስገባት ከቻልክ አስገባ። ካልቻልክ ለየክፍሉ የውስጥ ቆጣሪ አስገጥም። የምጣዱን መስመር ደግሞ ለብቻው አስዘርጋ፣ በ4 ሚሊ ሽቦ። አንድ ምጣድ 3,500 ዋት ገደማ ይስባል፣ ይሄ 16 አምፔር ነው። ሁለት ምጣድ ባንድ ስስ ሽቦ እሳት መጥራት ነው። ልጄ ኤሌክትሪሺያን ነው፣ እሱ ነው ያስጠናኝ።

ውሃ። በፈረቃ ነው የሚመጣው። ሮቶውን ማን ሞላ፣ ማን ምንጣፍ አጠበበት፣ ይሄ አያልቅም። ለተከራይ ለብቻው ሮቶ ይቀመጥ።

የሽንት ቤት ጉድጓድ። የሚመጥጠው መኪና እስከየት መግባት እንደሚችል ሳታይ እንዳታስቆፍር። የእኔ ከበሩ ሩቅ ነው። ቱቦው አልደርስ ብሎ ሌላ እስኪመጣ ክዳኑ ተከፍቶ ዋለ። የዚያን ቀን ነገር ሰፈሩ እስከ ዛሬ ያወራዋል።

በር። ትልቁ ይሄ ነው። ተከራይ ማታ 5 ሰዓት ይገባል። እናትህ እሱ ሳይገባ አትተኛም። ቁልፍ ብትሰጠውም አትተኛም፣ ኮቴውን ትቆጥራለች። የጎን በር ማውጣት የሚቻል ከሆነ ከሴራሚኩ በፊት እሱን አስብ።

ተከራይ_ነኝ · ማክሰኞ ማታ 2፡10

ስምንት ዓመት ሰርቪስ ውስጥ ኖሬያለሁ። ላጤ ነኝ፣ አራት ግቢ ቀይሬያለሁ። እኛም እንናገር እንጂ።

ከኖርኩባቸው የምወዳት ክፍል 3 በ3 ነበረች። ሴራሚክ የላት፣ ኮርኒስ የላት፣ ሊሾ ብቻ። ግን በሬን ስከፍት ከአከራዬ ሳሎን ጋር አልፋጠጥም ነበር። የጠላኋት ደግሞ ሁሉም ነገር የተሟላላት ናት። ሰው ሲመጣብኝ "ማነው እሱ?"። ሁለተኛ ቀን ሲመጣ "ይሄ ልጅ አበዛው"። ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ መብራቱ ከቆጣሪው ይጠፋል። እትዬ፣ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ፣ እኛም የእናንተን ኮቴ እንቆጥራለን።

ለስቱዲዮው ድምፄን ሰጥቻለሁ። ነጠላ ክፍል የሚይዝ ሰው መንገደኛ ነው፣ የተሻለ እስኪያገኝ ነው የሚቀመጠው። ማብሰያ ያላት ቤት ውስጥ የገባ ይቆያል።

እትዬ_የካ · ማክሰኞ ማታ 2፡25

መብራት ማጥፋቱስ ነውር ነው። እዚያ ላይ ካንተ ጋር ነኝ።

ውል_ይከበር · ማክሰኞ ማታ 3፡00

ሕጉን ማንም አልነካውም። በ2016 የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320 አለ። ውሉ በጽሑፍ ሆኖ በ30 ቀን ውስጥ ይመዘገባል። ከሁለት ዓመት ያነሰ ውል የለም። ቅድሚያ ከሁለት ወር ኪራይ በላይ መቀበል አይቻልም። ክፍያው በባንክ ወይም በስልክ ነው። ጭማሪ በዓመት አንዴ ብቻ፣ እሱም በመንግሥት በሚወሰነው ልክ። "የስድስት ወር አምጣ፣ ካልተመቸህ ወር ሲያልቅ ልቀቅ" የሚባለው ነገር በወረቀት ደረጃ ቀርቷል። በተግባር ግን ደላላው አሁንም እንደ ድሮው ያወራል፣ አትስማው።

ለዚህ ነው የመጀመሪያው ዋጋ ላይ ማሰብ ያለብህ። "የዘመድ ልጅ ናት" ብለህ በይሉኝታ በግማሽ ብትጀምር፣ በየዓመቱ የምትጨምረው በዚያች ግማሽ ላይ ነው።

የኪራይ ገቢ ግብርም አለ። ወጪ ተቀንሶ በቀሪው ላይ ነው የሚሰላው፣ ምጣኔው ገቢው ሲያድግ እያደገ እስከ 35 በመቶ ይሄዳል። ትንንሽ ግብር ከፋይ ከሆናችሁ ከሐምሌ 1 ጀምሮ ነው መክፈያው። ሐምሌ አጋማሽ ያለውን ሰልፍ ስለማውቀው በመጀመሪያው ሳምንት ሂዱ።

ፈቃድ፦ በ2001 የወጣው የሕንፃ አዋጅ ሕንፃዎችን ሀ፣ ለ፣ ሐ ብሎ ከፍሎ ነበር። እንዳንተ ያለው ትንሽ ባለ አንድ ወለል ቤት በዚያ አዋጅ ምድብ ሀ ነበር፣ ቀላሉ። ቀላል ነው ማለት ግን ያለ ፈቃድ ይሠራል ማለት አይደለም። ካርታው በማን ስም ነው? በአባትህ ስም ከሆነ ውርሱ ሳይጠራ ወረዳ ብትመላለስ ጫማ መጨረስ ነው። ቦታው ላይ በፕላን መንገድ እንደማያልፍበትም አስቀድመህ ጠይቅ።

አንድ ሰው "የእድሳት ፈቃድ አውጥተህ አፍርሰህ ሥራው" ይልሃል። እንዳትሰማው። ጎረቤቴ ያንን አድርጎ ግድግዳው መስኮት ላይ ሲደርስ አስቆሙት። ዓመት ሙሉ ፌሮው ሲዝግ አየነው።

ፌርፋክስ_ጎዳና · ረቡዕ ጠዋት 12፡40

ከሎስ አንጀለስ ነኝ። እዚህም ይሄው በሽታ ገብቶልናል። የካሊፎርኒያ ሕግ ከ2020 ጀምሮ ስለላላ ሐበሻው ሁሉ ጋራዡን ቤት እያደረገ ነው። ጓሮህ ውስጥ እስከ 800 ስኩዌር ፊት፣ ማለትም 74 ካሬ ሜትር ገደማ፣ ብትሠራ ከተማው "ቦታ የለህም" ብሎ ሊከለክልህ አይችልም። ከጎንና ከኋላ አጥር 4 ጫማ መራቅ ነው። ማመልከቻህ ከተሟላ በ60 ቀን መልስ ይሰጡሃል። እኔ ሠርቼ አከራየሁ። ተከራዬ የአገሬ ልጅ ነው። ውሻዬ ከእኔ ይልቅ እሱን ነው የሚወደው።

ኮቴ መቁጠሩ እዚህም አለ።

ሂሳብ_ይሻላል · ረቡዕ ከሰዓት 8፡15

ልናደዳችሁ ነው። ወንድሜ፣ አትሥራ።

ለምሳሌ 1,200,000 ብር ፈሰሰበት እንበል። ሁለቱ ክፍሎች በወር 16,000 ቢያስገቡ በዓመት 192,000 ነው። ባዶ የሚሆንበት ወር፣ ግብር፣ ቀለም፣ የተሰበረ ቧንቧ ሲወጣ 150,000 ቢቀር ነው። ብርህ ስምንት ዓመት ቆይቶ ይመለሳል፣ ያውም የገንዘብ ዋጋ ካልወረደ። በዚህ ላይ እናትህ ሰላሟን አጣች።

የገርጂው_ልጅ · ረቡዕ ማታ 3፡30

ሂሳቡ አልተሳሳተም። ግን ብሩ ባንክ ቢቀመጥም አሁንም ወር ሊያልቅ ሲል የምትደውለው ለእኔ ነው። እኔ ልገላገል የፈለግኩት ያንን ስልክ ነው።

የገርጂው_ልጅ · ከ3 ሳምንት በኋላ፣ እሑድ ማታ

ተመለስኩ።

ጉድጓዱ ተቆፈረ። መሐንዲሷ እንዳለችው ነው፣ እስከ ሜትር ከሃያ ድረስ ከሰል የመሰለ ጥቁር አፈር። ፎቶውን በውስጥ መስመር ልኬላታለሁ። ካርታው በእናቴ ስም ነው፣ መንገድም አይነካንም። የጎን በር አይወጣም፣ ሁለቱም ጎን የሰው ግንብ ነው። መሠረቱ ብቻ ያሰብኩትን ብር ሲሶ ሊበላው ስለሆነ ሁለት ክፍል የሚለው ቀርቶ አንድ ስቱዲዮ ሆነ።

ይሄን ሁሉ በወረቀት አድርጌ ለእናቴ አስረዳኋት። ዝም ብላ ሰማችኝ። ከዚያ ምን ብትለኝ ጥሩ ነው? "ትንሿን ለእኔ አድርጋት። ትልቁን ቤት አከራየው።"

ቀልድ መስሎኝ ነበር። "ሦስት መኝታ ቤት አለ፣ ሁለቱን የምከፍታቸው አቧራ ለመጥረግ ነው። ጉልበቴም ደክሟል" አለች። እኔ ግን አልዋጥልህ አለኝ። አባቴ በሠራው ቤት ሌላ ሰው እየኖረ እናቴ ሰርቪስ ውስጥ? ዘመድ ምን ይላል? "እናቱን ጓሮ ወረወራት" መባሉ አይቀርም። ሌሊቱን ሙሉ ስገላበጥ አደርኩ።

እትዬ_የካ · እሑድ ማታ

የሚያወራው ዘመድ መብራቷን ይከፍላል እንዴ? ልጄ፣ እናትህ ካንተም ከእኔም በልጣለች። እኔ 14 ዓመት ሙሉ ትልቁ ቤት ውስጥ ቁጭ ብዬ የሰው ኮቴ ስቆጥር ይሄ አልመጣልኝም።

ሂሳብ_ይሻላል · እሑድ ማታ

ቃሌን አንስቻለሁ። ሦስት መኝታ ያለው ቤት ገርጂ ላይ ከስቱዲዮ ኪራይ ጋር አይወዳደርም። ይሄኛው ሂሳብ ይዘጋል።

ተከራይ_ነኝ · እሑድ ማታ

አንድ ማስጠንቀቂያ። ትልቁን ቤት የሚይዘው ቤተሰብ ነው፣ መኪናም ይኖረዋል። እናትህ ከጓሮ ስትወጣ በነሱ በረንዳ ነው የምታልፈው። አሁን ከፊት ያለችው እሷ ሳትሆን እነሱ ናቸው። በአጥሩ ጥግ የራሷን መተላለፊያ ለይላት። መኪና የት እንደሚቆም ውሉ ላይ ይጻፍ።

መሐንዲሷ · እሑድ ማታ

እናትህ የምትኖርበት ከሆነ ፕላኑ ይቀየር። በሩ ላይ ደረጃ አይኑር፣ ዝቅ ያለ መወጣጫ አድርግ። ዝናብ እንዳይገባ ደግሞ ከበሩ በላይ ጥላ። ሻወሩ ከወለሉ ጋር እኩል ይሁን፣ የሚያዳልጥ ሴራሚክ አትግዛ። ግድግዳው ላይ መያዣ ብረት አስገባ፣ አሁን ባትፈልገውም። የበሩ ስፋት 90 ይሁን። ማብሰያዋ መስኮት ጋ ትሁን፣ ቡና ስታፈላ ጭሱ እንዲወጣ።

ፎቶውን አይቻለሁ። ገረጋንቲ ማስጫን ጀምር።

አናጢው · ሰኞ ጠዋት

አሮጌዋን ማድ ቤት ለምን ታፈርሳታለህ? ከአዲሱ መሠረት ከራቀች ተዋት። ቆርቆሮዋን ቀይሬ ግድግዳዋን እንደገና ልመርግልህ፣ የሦስት ቀን ሥራ ናት። ምጣዷን እዚያ ታስቀምጥ።

የገርጂው_ልጅ · ሰኞ ማታ

አራት ሜትር ይራራቃሉ። ተስማምቻለሁ፣ በውስጥ መስመር ቁጥርህን ላክልኝ። እናቴም "በሉ እሺ በሉት" ብላለች። ለዝምተኛዋ፦ ድመቷ ባለችበት ትቆያለች።

በሩን ከአሁኑ ልፈልግ ነው። 90 በ210 የሆነ ያገለገለ የብረት በር ምን አለሽ ተራ ይገኛል?

ዘጠኝ_መቶ_ብሎኬት · ሰኞ ማታ

ይገኛል። ቅዳሜ በጠዋት ሂድ። ሜትር ይዘህ ሂድ፣ 90 ያሉህ በር ብዙ ጊዜ 80 ነው።